አስቤስቶስ፦ በዓይን የማይታየው ብናኝ በሰውነት ሕዋስ ውስጥ ካንሰርን የሚያስከትለው እንዴት ነው?



ወደ እስራኤል አዲስ የገባ አንድ አባወራ በቀን ሥራ ተቀጥሮ አሮጌ መጋዘን ያፈርሳል እንበል። ከጣሪያው ላይ ግራጫ ቀለም ያለው ሞገዳማ ክዳን በመዶሻ እየሰበረ ያወርዳል። ማታ ልብሱ አቧራ እንደ ለበሰ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ልጁ ሮጦ ያቅፈዋል፤ ባለቤቱም ልብሱን አራግፋ ታጥባለች። በዚያ ቀን ማንም አልታመመም፤ ማንም አላሳለም። ነገር ግን ክዳኑ አስቤስቶስ ያለበት ከሆነ አባት፣ እናትና ልጅ ሦስቱም በሳንባቸው ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሊቀመጥ የሚችል ባዕድ ነገር ተንፍሰው ሊሆን ይችላል።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው አንባቢን ለማስፈራራት አይደለም። አደጋው በውል የታወቀ፣ በጥንቃቄም ሊወገድ የሚችል ስለሆነ ምንነቱንና መከላከያውን ለማስረዳት ነው። አንድ ሰው «አትንካ» የሚለውን ማስጠንቀቂያ በሙሉ ልቡ የሚቀበለው ለምን እንዳይነካ ሲያውቅ ነውና በቅድሚያ ጉዳቱ በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚደርስ እናስረዳለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቤስቶስ ምንድን ነው?

አስቤስቶስ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ የድንጋይ ዓይነት ነው። ስሙ የመጣው ከግሪክ ቋንቋ ሲሆን ትርጉሙም «የማይጠፋ» ማለት ነው። በእስራኤል አገር በዕብራይስጥ «አዝቤስት» ተብሎ ይጠራል። ከሌሎች ድንጋዮች የሚለየው ሲፈጭ ወደ ዱቄት ከመለወጥ ይልቅ እንደ ጥጥ ወደ ቀጫጭን ክሮች የሚተረተር መሆኑ ነው። ጥጥ የፈተለች እናት ወይም ሸማ የሠራ አባት ይህን በቀላሉ ይረዱታል፤ አንዱ ክር ሲሰነጠቅ ሌላ ከእርሱ የቀጠነ ክር ይወጣል፤ ያም ደግሞ እንደገና ይሰነጠቃል።

በአስቤስቶስ ስም የሚጠሩት የማዕድን ዓይነቶች ስድስት ናቸው። በብዛት በሥራ ላይ የዋሉት ነጩ፣ ቡናማውና ሰማያዊው ናቸው። የነጩ ክሮች የሚጠማዘዙ ሲሆኑ የቡናማውና የሰማያዊው ክሮች ግን እንደ መርፌ ቀጥ ያሉ ናቸው። እነዚህ ሁለቱ በሰውነት ውስጥ ከነጩ ይልቅ ረጅም ጊዜ ይቆያሉ። ይሁን እንጂ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ስድስቱንም ዓይነቶች ያለ ልዩነት በሰው ልጅ ላይ ካንሰር የሚያስከትሉ ብሎ መድቧቸዋል።

አስቤስቶስ እሳት አያቃጥለውም፤ በቀላሉ አይበጠስም፤ ዋጋውም ርካሽ ነበር። በዚህ ምክንያት በሃያኛው መቶ ዘመን ውስጥ በብዙ አገሮች ከሲሚንቶ ጋር እየተቀላቀለ ለጣሪያ ክዳን፣ ለግድግዳና ለውኃ ቧንቧ ይሠራበት ነበር። ለሙቀት መከላከያና ለመኪና ፍሬንም ይውል ነበር።

በእስራኤል አገር የት ይገኛል?

በአሮጌ ሕንፃዎች፣ በግቢ ውስጥ ባሉ መጋዘኖች፣ በከብትና በዶሮ ቤቶች፣ በመኪና ማቆሚያ ጥላዎች ላይ የአስቤስቶስና የሲሚንቶ ክዳን ዛሬም ይታያል። በኢትዮጵያ ከምናውቀው ቆርቆሮ ጋር በሞገዱ ይመሳሰላል። ነገር ግን ቆርቆሮ ስስ ብረት ነው፤ ሲመታ ይጮኻል፤ ሲታጠፍም አይሰበርም። የአስቤስቶስ ክዳን ግን ወፍራምና ግራጫ ነው፤ ሲመታም እንደ ሸክላ ይሰበራል። በተሰበረው ጠርዝ ላይ አንዳንድ ጊዜ ጭረት የሚመስሉ ክሮች ይታያሉ። ይሁን እንጂ ክዳኑ አስቤስቶስ ይኑረው አይኑረው በእርግጥ የሚታወቀው በላቦራቶሪ ምርመራ ብቻ ነው።

በሰሜን እስራኤል በናሃሪያ አካባቢ ከ1952 እስከ 1997 ድረስ የአስቤስቶስና የሲሚንቶ ውጤቶችን የሚያመርት ፋብሪካ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ከፋብሪካው የሚወጣው ጥራጊ ለአካባቢው ነዋሪዎች ይሰጥ ስለነበር ሰዎች መንገድ ለመደልደልና ግቢያቸውን ለማንጠፍ ተጠቀሙበት። ጥራጊው ግን ክሩ በሲሚንቶ በደንብ ያልተያዘና በቀላሉ የሚበን ነበር። በምዕራብ ገሊላ ሜሶቴልዮማ የተባለው የካንሰር ዓይነት ከሌላው የአገሪቱ ክፍል ይልቅ በዝቶ መገኘቱ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ክኔሴት በ2011 ከአስቤስቶስ የሚመጣውን ጉዳት የሚከላከል ሕግ ያወጣ ሲሆን በዚያ አካባቢ የተቀበረውን ጥራጊ ቆፍሮ የማስወገድ ሰፊ ሥራም ተካሂዷል።

ብናኙ ወደ ሳንባ የሚገባው እንዴት ነው?

በአውድማ ላይ ገብስ ያበራየ ሰው የገብስን ጢም ያውቃል። ፍሬው ከባድ ስለሆነ በቶሎ ይወድቃል፤ ጢሙ ግን በአየር ላይ ይንሳፈፋል፤ በልብስ ላይም ይሰካል፤ በጉሮሮ ከገባም ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ መመለስ ያስቸግረዋል። የአስቤስቶስ ክርም እንደዚሁ ነው፤ ነገር ግን ከገብስ ጢም እጅግ የቀጠነ ነው።

የሰው ጠጉር ውፍረት ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ይደርሳል። ማይክሮን ማለት የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። አደገኛ ተብለው የሚቆጠሩት የአስቤስቶስ ክሮች ውፍረታቸው ከ3 ማይክሮን ያነሰ፣ ርዝመታቸውም ከ5 ማይክሮን የበለጠ ነው። ብዙዎቹ ደግሞ ከ1 ማይክሮን እንኳ የቀጠኑ በመሆናቸው በዓይን ሊታዩ አይችሉም። ስለዚህ «አቧራ አይታየኝም» ማለት «አደጋ የለም» ማለት አይደለም።

ሰውነታችን በተፈጥሮው ከአቧራ የሚጠበቅበት መንገድ አለው። ትልልቁ ብናኝ በአፍንጫ ጠጉርና በንፍጥ ይያዛል። ወደ አየር ቧንቧ የዘለቀውንም እንደ ጥቃቅን መጥረጊያ ያለማቋረጥ የሚርገበገቡ ጠጉሮች ከአክታ ጋር ወደ ላይ ይገፉታል። ቀጭኑ ክር ግን ርዝመቱን ይዞ ከአየሩ ጉዞ ጋር ይገጥምና እስከ ሳንባው የመጨረሻ ከረጢቶች ድረስ ይዘልቃል። ከዚያም አንዳንዱ የሳንባውን ሥጋ አልፎ ፕሌውራ ወደሚባለው ስስ ሽፋን ይደርሳል። ይህ ሽፋን ሳንባውንና የደረትን ውስጠኛ ግድግዳ የሚያለብስ ሲሆን ሳንባችን ስንተነፍስ ያለ ፍትጊያ እንዲንሸራተት ያደርጋል።

በሕዋስ ውስጥ የሚደርሰው ጉዳት

የሰው አካል ሕዋስ ወይም ሴል ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች የተገነባ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ በውስጡ እንዴት እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚከፈልና መቼ እንደሚሞት የሚያዝዝ ጽሑፍ ይዟል። ይህ ጽሑፍ ዲ ኤን ኤ ይባላል፤ በ46 ክሮሞዞሞችም ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ሕዋስ ለሁለት በሚከፈልበት ጊዜ ጽሑፉ በሙሉ ይገለበጣል። ኦሪትን በብራና ላይ የሚጽፍ ጸሐፊ አንዲት ፊደል እንዳትሳሳት እንደሚጠነቀቅ ሁሉ ሕዋስም ግልባጩን ይመረምራል፤ ስሕተትም ቢያገኝ ያርማል። ካንሰር የሚጀምረው እርማት ያላገኙ ስሕተቶች ሲከማቹና ሕዋሱ የመከፈል ገደቡን ሲያጣ ነው። የአስቤስቶስ ክር እነዚህን ስሕተቶች የሚያበዛው በአራት መንገድ ነው።

አንደኛ፣ የጽዳት ሕዋሳትን ሥራ ያሰናክላል። በሳንባ ውስጥ ማክሮፋጅ የሚባሉ ሕዋሳት አሉ፤ ሥራቸውም ባዕድ ነገርን ውጦ ማጥፋት ነው። የአንዱ ማክሮፋጅ ስፋት 20 ማይክሮን ያህል ነው። አጭር ክር ቢያገኝ ይውጠዋል፤ ይዞትም ይወጣል። ከራሱ የሚረዝም ክር ቢገጥመው ግን አጋማሹን ውጦ አጋማሹ በውጭ ይቀራል፤ አፉን መዝጋትም አይችልም። ጠላትን ለማጥፋት በሆዱ ያዘጋጀው የሚያቃጥል ፈሳሽ በተከፈተው አፉ በኩል በዙሪያው ባሉት ጤነኛ ሕዋሳት ላይ ይፈስሳል። ማክሮፋጁ በመጨረሻ ይሞታል፤ ክሩ ግን ሳይጎዳ ይቀራል። ሌላ ማክሮፋጅ ይመጣል፤ እርሱም የፊተኛው ዕጣ ይደርሰዋል።

ሁለተኛ፣ ዲ ኤን ኤን የሚጎዳ የኦክሲጅን ዓይነት ይፈጠራል። ከማክሮፋጁ ከሚወጡት ነገሮች መካከል ያገኙትን ሁሉ የሚበሉ የኦክሲጅን ውሑዶች ይገኛሉ። ብረት በእርጥበት ላይ ሲቆይ ዝገት እንደሚበላው እነዚህ ውሑዶች የዲ ኤን ኤን ፊደላት ያበላሻሉ፤ ክሩንም ይበጥሳሉ። የሰማያዊውና የቡናማው አስቤስቶስ ክሮች በተፈጥሯቸው ብረት ስላላቸው ብረቱ ራሱ ይህን ጉዳት ያፋጥነዋል።

ሦስተኛ፣ የማይበርድ ቁጣ ይነሣል። እሾህ የወጋው ጣት እሾሁ እስኪወጣ ድረስ ያብጣል፤ ይቀላል፤ ይሞቃል። እሾሁ ሲወጣ ቁስሉ ይድናል። የአስቤስቶስ ክር ግን ሳይወጣ የቀረ እሾህ ነው፤ ስለዚህ ቁጣው ለአሥርት ዓመታት ይቀጥላል። በዚህ ቁጣ ውስጥ የሚሞቱትና የሚታገሉት ሕዋሳት የተለያዩ የኬሚካል መልእክቶችን ያሰራጫሉ። ከመልእክቶቹ አንዳንዶቹ በዙሪያቸው ላሉት የተጎዱ ሕዋሳት «አትሙቱ፤ ተከፈሉ» የሚል ትእዛዝ የሚሰጡ ያህል ናቸው። በሕግ ቢሆን ዲ ኤን ኤው የተበላሸ ሕዋስ ራሱን አጥፍቶ አካሉን ማትረፍ ነበረበት፤ በእነዚህ መልእክቶች ምክንያት ግን ተርፎ ይባዛል፤ ስሕተቱንም ለልጆቹ ያወርሳል።

አራተኛ፣ ክሩ የሕዋሱን መከፈል በቀጥታ ያውካል። ሕዋስ በሚከፈልበት ጊዜ ክሮሞዞሞቹን እኩል ለሁለት የሚጎትቱ ጥቃቅን ገመዶች ይዘረጋሉ። ረጅምና ቀጭን የሆነ የአስቤስቶስ ክር በዚህ መካከል ቢገኝ በሽመና ላይ በተዘረጋ ድር ውስጥ እንደ ገባ እንጨት ይሆናል፤ ገመዶቹን ያጠላልፋል፤ ክሮሞዞሞቹንም ይቆርጣል ወይም ያስቀራል። ከሚወለዱት ሁለት ሕዋሳት አንዱ ትርፍ ክሮሞዞም ሲይዝ ሌላው ይጎድልበታል።

ከሚጠፋው ጽሑፍ መካከል የዘብ ጠባቂነት ሥራ ያላቸው ጂኖች የሚገኙበት ጊዜ አለ። በሜሶቴልዮማ በሽተኞች ዘንድ ባፕ 1፣ ፒ 16 እና ኤን ኤፍ 2 የተባሉት ጂኖች ተበላሽተው ወይም ጨርሰው ጠፍተው በብዛት ይገኛሉ። የእነዚህ ጂኖች ሥራ የተበላሸን ማረምና ሕዋስ ከልክ በላይ እንዳይከፈል ማገድ ነው። ዘብ የሌለበት ቤት ለሌባ እንደሚጋለጥ ሁሉ ጠባቂ ጂኖቹን ያጣ ሕዋስም ወደ ካንሰር ለመለወጥ መንገዱ ይከፈትለታል።

በሽታው ለመታየት ብዙ ዓመት የሚፈጀው ለምንድን ነው?

አንድ ስሕተት ብቻውን ካንሰርን አያመጣም። ብዙ ስሕተቶች በአንድ የሕዋስ ዘር ላይ ተራ በተራ መከማቸት አለባቸው፤ ይህም ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ሜሶቴልዮማ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ሰውየው ብናኙን ከተነፈሰ ከ20 እስከ 50 ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ በ25 ዓመቱ ያለ ጥንቃቄ የሠራ ወጣት ጉዳቱን የሚያየው ልጅ አሳድጎ፣ የልጅ ልጅ በሚያይበት ዕድሜ ላይ ሊሆን ይችላል። «ስንት ጊዜ ሠራሁ፤ ምንም አልሆንሁም» የሚለው አነጋገር ማስረጃ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አስቤስቶስ የሳንባን፣ የማንቁርትንና የእንቁልፍን እጢ ካንሰር፣ በደረትና በሆድ ሽፋን ላይ የሚነሣውን ሜሶቴልዮማ፣ እንዲሁም አስቤስቶሲስ የሚባለውን ሳንባን የሚያጠነክርና ትንፋሽን የሚያሳጥር በሽታ ያስከትላል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በሥራ ላይ አስቤስቶስን በመተንፈስ ምክንያት በየዓመቱ ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች ይሞታሉ።

ይህ እንዴት ታወቀ?

በ1960 ዶክተር ክሪስቶፈር ዋግነርና ባልደረቦቻቸው በደቡብ አፍሪካ ስላጋጠሟቸው 33 የሜሶቴልዮማ በሽተኞች ጽፈው አሳተሙ። ከእነርሱ አብዛኞቹ በሰማያዊ አስቤስቶስ ማዕድን አካባቢ የኖሩ ነበሩ፤ አንዳንዶቹ በልጅነታቸው በአካባቢው ከመኖራቸው በቀር በማዕድኑ ሥራ ላይ አልተሰማሩም። በ1965 ደግሞ በለንደን የተደረገ ጥናት በፋብሪካው ካልሠሩት በሽተኞች መካከል የሠራተኛ ቤተሰብ የነበሩና በፋብሪካው አቅራቢያ የኖሩ ሰዎች መኖራቸውን አሳየ። በሥራ ልብስ ላይ ወደ ቤት የሚገባው አቧራ ሚስትንና ልጅን ሊጎዳ እንደሚችል የታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ሲጋራ አደጋውን እጅግ ያበዛዋል

በ1979 በአሜሪካ የታተመ የሠራተኞች ጥናት ሲጋራ ከማያጨስና ከአስቤስቶስ ጋር ካልሠራ ሰው ጋር በማነጻጸር የሚከተለውን አሳይቷል። በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድል አስቤስቶስ ብቻ ለነካው 5 እጥፍ፣ ሲጋራ ብቻ ለሚያጨሰው 11 እጥፍ ያህል ሲሆን፣ ሁለቱም ለተገናኙበት ግን ከ50 እጥፍ በላይ ነበር። የሲጋራ ጢስ የአየር ቧንቧን የሚጠርጉትን ጠጉሮች ስለሚያደክማቸው ክሮቹ በሳንባ ውስጥ ይቀራሉ፤ በጢሱ ውስጥ ያሉት መርዞችም በክሮቹ ላይ ተጣብቀው ወደ ሕዋሱ ይገባሉ። ስለዚህ ቀድሞ ከአስቤስቶስ ጋር የሠራ ሰው ዛሬም ሊያደርገው የሚችለው ትልቁ ነገር ሲጋራ ማቆም ነው። የሜሶቴልዮማ አደጋ ግን በሲጋራ አይጨምርም፤ አጫሽ ያልሆነ ሰውም ሊይዘው ይችላል።

በመኖሪያ ቤትና በግቢ ምን ማድረግ ይገባል?

ያልተሰበረና ያልተፈረፈረ የአስቤስቶስ ክዳን ክሮቹ በሲሚንቶ የተያዙ ስለሆኑ ከሥሩ በመቀመጥ ብቻ የሚደርሰው አደጋ አነስተኛ ነው። አደጋው የሚነሣው ሲሰበር፣ ሲቆረጥ፣ ሲበሳ ወይም በእርጅና ሲፈረፈር ነው። ስለዚህ፦

• ክዳኑን አይብሱ፤ በመጋዝ አይቁረጡ፤ አይፋቁ፤ በኃይለኛ የውኃ ግፊትም አይጠቡ።
• በላዩ ላይ አይውጡ፤ ልጆችም በላዩ ወይም በስብርባሪው እንዳይጫወቱ ይከልክሉ።
• ስብርባሪ ካገኙ በደረቁ አይጥረጉ፤ በቤት የኤሌክትሪክ መጥረጊያም አይሳቡ፤ ሰው ወደ ቦታው እንዳይጠጋ ያድርጉ።
• ከቆሻሻ ጋር አይጣሉ፤ ለሌላ ሥራም ብለው አይውሰዱ። በነፃ የሚሰጥ አሮጌ ክዳን ስጦታ አይደለም።
• ክዳኑን ለማንሣት ሕጉ የሚፈቅድለት ለዚህ ሥራ ፈቃድ ያለው ተቋራጭ ነው። ተከራይ ከሆኑ ለቤቱ ባለቤት ወይም ቤቱን ለሚያስተዳድረው ኩባንያ ያስታውቁ። ለጥያቄና ለጥቆማ ወደ ከተማው አስተዳደር ወይም ወደ አካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ይደውሉ።

በሥራ ቦታ ምን ማድረግ ይገባል?

በማፍረስ፣ በጥገና ወይም በግንባታ ሥራ ከመሰማራትዎ በፊት «በዚህ ቦታ አዝቤስት አለ ወይ?» ብለው አሠሪዎን ይጠይቁ። ይህ ጥያቄ ድፍረት አይደለም፤ መብትዎ ነው። ተራ የጨርቅ ወይም የወረቀት ጭምብል ከእነዚህ ክሮች አያድንም፤ ለዚሁ ሥራ የተሠራ የትንፋሽ መከላከያ ያስፈልጋል። የሥራ ልብስዎን በሥራ ቦታ ይተዉ፤ ገላዎን ታጥበው ወደ ቤት ይመለሱ። ከ1984 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ መሠረት ከአስቤስቶስ ጋር የሚሠራ ሰው በየጊዜው የሕክምና ምርመራ እንዲደረግለት ይገባል።

ወደ ሐኪም መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ሳል ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ የደረት ሕመም ካልለቀቀ፣ ያለ ምክንያት ክብደት ከቀነሰ ወይም አክታ ደም ከቀላቀለ በኩፓት ሆሊም ወደ ቤተሰብ ሐኪምዎ ይሂዱ። እነዚህ ምልክቶች የሳንባ ነቀርሳን ወይም ሌላ በሽታን ሊያመለክቱ ስለሚችሉ ራስዎ አይፍረዱ፤ ሐኪሙ ይመርምርዎ። ከብዙ ዓመታት በፊት በአስቤስቶስ ወይም በማፍረስ ሥራ ተሠማርተው ከነበረ፣ ወይም ከዚህ ሠራተኛ ጋር አንድ ቤት ኖረው ከሆነ፣ ሐኪሙ ባይጠይቅዎትም ይንገሩት። በዕብራይስጥ ማስረዳት ካስቸገረዎ አስተርጓሚ ይጠይቁ። በሽታው ከሥራ የመጣ መሆኑ ከተረጋገጠ ለቢቱዋህ ሌኡሚ የካሣ ጥያቄ ማቅረብ ይቻላል።

በመጨረሻ ሁለት ነገሮችን ማስታወስ ይገባል። ከአስቤስቶስ የሚመጣ ካንሰር ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከታመመው ሰው ጋር አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛትና ማስታመም ምንም ጉዳት የለውም፤ በሽተኛውን ማግለል አያስፈልግም። ደግሞም ብናኙን አንድ ቀን የተነፈሰ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ አደጋው እንደ ብናኙ ብዛትና እንደ ጊዜው ርዝመት ይጨምራል። ያለፈው ቢያልፍም ከዛሬ ጀምሮ የሚደረግ ጥንቃቄ ዋጋ አለው። አሮጌውን ክዳን ሳይሰብሩ ለባለሙያ መተው አንድ የስልክ ጥሪ ብቻ ይጠይቃል፤ የሚያድነው ግን የአባትን፣ የእናትንና የልጆችን እስትንፋስ ነው።